የኦክ ዕቃዎችን ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት ለምን አቆምን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጌጥ የተሰካባቸውን፣ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠሩ የጥንት የእንግሊዝ ዕቃዎች ፍቀን፣ በቫርኒሽ አብረቅርቀን መመለስ ማቆማችንና የጥገና ዋጋ መጨመራችን ብዙዎቻችሁን አስከፍቷል። ስላጉላላናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን አይቀየርም።

«ደንበኛ ማባረር ጀመራችሁ» ያሉን አሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ልቤን ነክቶታል።

እንዲህ ባለ ሳጥን ላይ የምታዩት አበባ በቀለም የተሳለ አይደለም። ኦኩ በመሮ ተፈልፍሎ፣ ሆሊ የሚባለው ነጭ እንጨትና ረግረግ ውስጥ ተቀብሮ የጠቆረ ኦክ እየተቆረጠ የተሰካበት ነው። ስስ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ባለፈበት ቁጥር ይበልጥ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። የ300 ዓመት የእጅ፣ የሰምና የጭስ ወዝም አብሮ ይሄዳል። ያንን ወዝ የሚመልስ ቫርኒሽ የለም።

ዋጋውስ ለምን ጨመረ? በማሞቂያ የሚሞቅ ቤት ኦኩን ያደርቀዋል። እንጨቱ ሲኮማተር ጌጡ ይነሳል። በዘመናዊ ኮላ ቶሎ መለጠፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ኦኩ እንደገና ሲንቀሳቀስ ያ ኮላ ድርቅ ስለሚል ጌጡ ይሰነጠቃል። ከከብት ቆዳ የሚቀቀለው የድሮው ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ሳይሰብር ሊፈታው ይችላል። ሥራው ግን ቀን ይፈጃል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ የለንደን ኪራይና መብራት የት እንደደረሰ እናንተም ታውቁታላችሁ። እንዲያም ሆኖ አንድም ሠራተኛ አላሰናበትኩም።

ለንደን ስገባ ሥራ የሰጠኝ ሽማግሌ አናጢ መሮ ከማስያዙ በፊት ሰም መወልወል አስተማረኝ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ እዚሁ ለንደን፣ ሳዘርክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ነንሰች የሚባሉትን ባለጌጥ ሳጥኖች ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ከጀርመን አገሮች የመጡ ስደተኞች እንደነበሩ ይነገራል። እኔም ከሌላ አገር መጥቼ በዚህ ሙያ ልጆች አሳድጌያለሁ። ስለዚህ የእነሱን ሥራ በገዛ እጄ መፋቅ አልችልም።

ከውሳኔው በፊት የተረከብናቸውን ዕቃዎች በድሮው ዋጋ እንጨርሳለን። ዕቃውን መውሰድ የሚፈልግ ያለ ምንም ክፍያ መውሰድ ይችላል። ከመውሰዳችሁ በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በሉና በሰም ብቻ የተወለወለውን ከተፋቀው ጎን ለጎን አድርጌ ላሳያችሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያልተለያችሁን ደንበኞች በዚህ ምክንያት ማጣት አልፈልግም።

አክባሪያችሁ፣
የወርክሾፑ ባለቤት