በቅሎ እንኳ ገደል ስታይ ትቆማለች

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌት ላይ እገዳ ስትጥል ካጉረመረሙት አንዱ ነበርኩ። ለፋሲካ የትውልድ ቀበሌዬ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ።

አሥራ አራት ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ያለ ራስ ቁር፣ ሁለት ጓደኞቹን ከኋላው ጭኖ በገበያው መካከል በሞተር ሲከንፍ እንቁላል ሊሸጡ የመጡ አንዲት እናትን ገጨ። እግራቸው ተሰበረ። ከዚያስ? ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አባትየው የወጌሻውን ከፈሉ፤ ይቅር ተባብለው ተለያዩ። ሽምግልናን አልጠላም፣ ስንት ደም አድርቋል። ልጁ ግን በሳምንቱ እዚያው ገበያ ውስጥ ይጋልብ ነበር። አባቱን ብጠይቃቸው «እኔም በቅሎ የለመድኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው» አሉኝ። በቅሎ እኮ ገደል ስታይ ትቆማለች!

ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መንጃ ፈቃድ አይሰጥም። የትራፊክ ፖሊስ የሚታየው ግን ወረዳው ከተማ ላይ ብቻ ነው። ታርጋ የሌለው ሞተር ለልጃቸው የሚያስረክቡ ወላጆችና ቤንዚን በውኃ ጠርሙስ የሚሸጥለት ባለሱቅ ለምን አብረው አይጠየቁም?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ