የስፖርት ክበብ ዘገባ፦ የበረኛችን ዓመት

ክበባችን ዘንድሮም በመረብ ኳስ፣ በሩጫና በእግር ኳስ ሲሠራ ከርሟል። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን ልምምድ አቋርጦ አያውቅም። ሯጮቻችን የደብረ ብርሃንን ብርድ ችለው ማለዳ ማለዳ ዳገቱን ወጥተዋል። በርቱልን! እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ በሰፊው ላወራላችሁ የፈለግኩት ስለ እግር ኳስ ቡድናችን በረኛ ነው።

ልጁ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በዙሩ ጨዋታዎች የምንተማመንበት እሱን ነበር። ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ሌላ ልጅ ሆነ። ጨዋታ ባለ ቀን ቁርስ አይቀምስም። የጓንቱን ማሰሪያ ይፈታል፣ ያስራል፣ መልሶ ይፈታል። ምን ሆነህ ነው ስለው ብርዱ ነው ይለኛል። እውነት ነው፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። እሱን የያዘው ግን ጭንቀት ነበር።

በሩብ ፍጻሜው ኳስ ከማዕዘን ተሻማች። «የኔ!» ብሎ ወጣ፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ቆመ። ኳሷ በላዩ አልፋ ገባች። ከዚያ በኋላ ከመስመሩ አልነቃነቅ አለ። አጥቂዎቻችን ዘግይተው ባገቧቸው ጎሎች እንደምንም አለፍን። በማግሥቱ መጣና «ቲቸር፣ በቃ ሌላ ሰው ያስገቡ» አለኝ።

አጥቂ ደጋግሞ ስቶ አንዴ ቢያገባ ይጨፈርለታል። በረኛ ደጋግሞ አድኖ አንዴ ከሳተ ስሙ የሚነሳው በዚያችው ነው። 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጎል ለአንድ ልጅ ሰጥተን ከጀርባው ቆመን እንጮህበታለን። ከጎል ጀርባ ቆሞ የራሱን በረኛ የሚሳደብ ሰው ደጋፊ አይባልም። ይህን የምለው ለራሳችን ተማሪዎች ነው።

ስለ ግሌን ሆል ነገርኩት። ካናዳዊ የበረዶ ሆኪ በረኛ ነበር። ከጨዋታ በፊት ከጭንቀት ብዛት ያስመልሰው ነበር። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1962 በመደበኛው ውድድር 502 ጨዋታዎችን በተከታታይ ተሰልፏል፤ ያውም ፊቱን በምንም ሳይሸፍን።

«አስመልሶት ይገባል?» አለኝ።

«ይገባል» አልኩት።

ሌላ ሰው ያስገቡ የሚለውን ከዚያ በኋላ አላነሳውም። ልምምዳችንንም ቀየርን። ከተከላካዮቹ ጋር ተስማማን፦ እሱ «የኔ» ካለ ማንም አይነካትም፣ ዝም ካለ እነሱ ያወጧታል። ማዕዘን ምት እያሻማን፣ ሆን ብለን እየተጋፋነውና እየጮህንበት አለማመድነው። መጀመሪያ ድምፁ አይሰማም ነበር። ኋላ ላይ ከሜዳው ማዶ ይሰማ ጀመር።

ግማሽ ፍጻሜውን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ጎሏ የገባችብን በፍጹም ቅጣት ምት ነው፤ እሱ ወደ ቀኝ ሲወረወር ኳሷ በግራ ገባች። በ11 ሜትር ርቀት የተመታች ኳስ ለማሰቢያ ጊዜ አትሰጥም። የተሻሙትን ኳሶች ግን እየወጣ አንዳንዱን ያዘ፣ አንዳንዱን በቡጢ አራቀ። ፊሽካ ሲነፋ ተከላካዮቹ በቀጥታ የሮጡት ወደ እሱ ነበር። ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ውጤት ይሄ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ በረኛ የግድ ያስፈልገናል። ሁሉ ነገር በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ከ9ኛ ክፍል ፍላጎት ያላቸው ልጆች አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያለማምዳቸው እሱ ራሱ ነው። ጓንቱ ተቀዶ አልቋልና ወላጆች ብታግዙን ደስ ይለናል። ምዝገባ መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ ነው።