ቅዳሜ ለምንገዛው የቧንቧ ዕቃ

ሰላም ለሁላችሁም። ዕቃው ለእንፋሎት ጀልባችን ነው። ለቤት ውኃ የምንዘረጋው ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ቦይለሩ፣ ማለትም ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ጋን፣ አጠገብ እንዳይደርስ! በ7 ባር ግፊት እንፋሎቱ ወደ 170 ዲግሪ ይሞቃል፤ ይህ ፕላስቲክ ደግሞ መቶ ሳይሞላ ይልፈሰፈሳል። ለእንፋሎቱ መስመር ጥቁር ብረት ወይም ነሐስ ይሁን። በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ የተያያዘ መዳብም አይታመንም፤ ቅይጡ በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል፣ ከዚያ በፊትም ይላላል።

ቴፍሎን ቴፕ (የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ማሸጊያ) እስከ 260 ዲግሪ ስለሚችል ችግር የለውም። ብቻ ጫፉ ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሳትሸፍኑ ጠምጥሙ። ብጣሹ ወደ ውስጥ ከገባ ኢንጀክተሩን (ውኃ ወደ ቦይለሩ የሚገፋውን) ይደፍናል፣ ከዚያ ፍለጋ ነው።

ዩኒየን (መስመሩ ሳይነቀል የሚፈታ ማያያዣ) ላይ አንሰስት። ጠባብ ጀልባ ውስጥ ለአንድ ቫልቭ ብሎ መስመሩን ሙሉ መንቀል ያናድዳል።

ከጣና ውኃ ለሚስበው ቱቦ ፕላስቲክ ይበቃል፤ ግን አፉ ላይ ወንፊት ይግባለት። እምቦጩን ታውቁታላችሁ።