የመጨረሻው ገጽ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ቀለል ብሎላታል። ትናንት ጠዋት በእግሯ ገብርኤል ደርሳ ተመልሳለች።

ስለ አንድ ጀማሪ ደራሲ መጽሐፍ የጻፍሽው ሂስ የወጣበት ጋዜጣ ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰኝ። አዟሪው ልጅ ከመናኸሪያ እየሮጠ መጥቶ "ጋሼ፣ የልጅዎ ስም ወጥቷል!" አለኝ። መጽሐፍ መሸጫ ሱቄ ውስጥ ለነበሩት ደንበኞች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስምሽን ታትሞ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ፒያሳ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁ። ማታ ግን ብቻዬን ደግሜ አነበብኩትና እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በስልክ "አባዬ፣ መጽሐፉን እንኳ አልጨረስኩትም፤ ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው ብለው አጣደፉኝ" ብለሽኝ ነበር። በቀላሉ ነው ያልሽው። እኔም ያን ጊዜ ምንም ማለት አልቻልኩም። ሌላም ነገር አለ። "ታሪኩ ይንዛዛል፣ ገጸ ባሕርያቱ ነፍስ የላቸውም" ያልሽውን ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ ጋዜጣ ላይ በሌላ ሰው ብዕር አንብቤዋለሁ። ቃል በቃል ነው ማለት ይቻላል። ሆን ብለሽ ወሰድሽ አልልሽም። ጆሮሽ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ነገር ግን ያ ጀማሪ ደራሲ አሁን በሁለት ጋዜጣ ተፈርዶበታል። መጽሐፉን አይቶ የፈረደው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሰው ሱቄ ሲገባ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ከባንኮኒው ሥር ቁጭ ብለሽ የቤት ሥራሽን እየሠራሽ ስንቱን ሰምተሻል። "ጋዜጣ ላይ የወጣው መጽሐፍ አለ?" ይላል። ርዕሱን አይዘውም። ድሮ ቆርጦ ያስቀመጠውን ወረቀት ከኪሱ ያወጣ ነበር፤ አሁን ስልኩን ያሳየኛል። ጋዜጣ ያመሰገነው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይቆይም። ያጣጣለው አቧራ ይጠጣል። ዝም ያለውማ መኖሩንም የሚያውቅ የለም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ምረቃው ላይ ይገኛል፣ ደራሲውን ካፌ ያገኘዋል። እኛ ሐዋሳ፣ 275 ኪሎ ሜትር ርቀን ያለነው መጽሐፉን የምናውቀው እናንተ በጻፋችሁት ልክ ነው።

የኸርማን ሜልቪልን ነገር ከነገርኩሽ ዓመታት አልፈዋል። ልድገምልሽ፣ ምክንያቱም አሁን ሥራሽ ሆኗል።

ሜልቪል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ስለ አንድ ነጭ ዓሣ ነባሪና እሱን ሲያሳድድ መርከቡን ይዞ ስለጠፋ ካፒቴን ጻፈ። ሞቢ ዲክ ማለት ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው ለንደን ነው፣ በሦስት ቅጽ። ታዲያ በዚያ እትም ላይ የመጨረሻዋ አጭር ክፍል ቀረች። ተራኪው መርከቡ ሲሰጥም በሬሳ ሣጥን ላይ ተንሳፍፎ መትረፉ የሚነገረው እዚያች ላይ ነው። እሷ ከሌለች ሁሉም ሞተዋል። ከለንደን ሃያስያን አንዳንዶቹ "ሁሉም ካለቁ ታሪኩን ማን ነገረን?" ብለው ደራሲውን ጥበብ እንደሌለው ሰው ቆጠሩት። በእነሱ ብዙ አልፈርድም። የተሰጣቸውን ነው ያነበቡት።

የሚያመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። በወሩ ኒው ዮርክ የታተመው መጽሐፍ ሙሉ ነበር። የመጨረሻዋ ክፍል አለችበት። ሆኖም ቦስተን ያለ አንድ ጋዜጣ ገጹን የሞላው ለንደን የተባለውን ጠቅሶ ነው። ከዚያ መጽሐፉ የሚጠየቅበት ገንዘብ አይገባውም ብሎ ደመደመ። አስቢው፣ ልጄ። ሙሉው መጽሐፍ አገሩ ላይ ታትሟል። ገልጦ መጨረስ ይቻል ነበር። እነሱ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ፍርድ ተቀበሉ፣ ያውም የጎደለ መጽሐፍ ተነቦ የተሰጠ ፍርድ።

ያመሰገኑትም ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር። አልበቃም እንጂ። ሜልቪል ያኔ 32 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ኖረ። 19ኙን ዓመት ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ነበር። በሕይወት ሳለ መጽሐፉ አገሩ ላይ ከ3,000 ቅጂ ብዙም ሳይዘል ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሞት ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ እሱ ባወጣው አንድ ጽሑፍ ስሙን ሳተው። ኸርማንን "ሃይረም" አለው። መጽሐፉ ዛሬ ያለውን ክብር ያገኘው ሜልቪል ከተወለደ 100 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በ1920ዎቹ ሰዎች ቁጭ ብለው እንደ አዲስ አነበቡት፣ እንደ አዲስ ጻፉለት። እነሱም ሃያስያን ናቸው። ያ ብዕር አንቺም እጅ ላይ አለ።

የናይጄሪያው አሞስ ቱቱኦላ ደግሞ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ያህል ብቻ የተማረ፣ ሌጎስ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 መጽሐፉ ለንደን ታተመ። የዘንባባ ጠጁን የሚቀዳለት ሰው ሞቶበት እሱን ፍለጋ ወደ ሙታን ከተማ ስለሚሄድ ጠጪ ነው። ገጣሚው ዲላን ቶማስ ኦብዘርቨር በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ አድንቆ ጻፈለትና ስሙ ዓለም ላይ ናኘ። አገሩ ላይ ግን የተማሩት አፈሩበት። "በተሰባበረ እንግሊዝኛ ፈረንጅ እንዲስቅብን አደረገ" አሉ። ተረቱ የአያቶቻቸው መሆኑን እያወቁ። ቺኑዋ አቼቤን የመሰለ የአገሩ ታላቅ ደራሲ ቆሞ እስኪሟገትለት ድረስ ብዙ ጊዜ አለፈ። እኔ ይህን ሳስብ በሁለቱም ወገን ቅር ይለኛል። አንዱ እንግዳ ነገር ስላየ ወደደ፤ ሌላው እንግዳ ምን ይለኛል ብሎ ጠላ። ሰውየው የጻፈው ግን ሌላ ነበር።

አሜሪካዊቷን ጥቁር ደራሲ ዞራ ኒል ኸርስተንንም አትርሺ። እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣችውን ልብ ወለድ ሪቻርድ ራይት፣ ራሱ ትልቅ ደራሲ፣ መልእክት የሌለው ብሎ ጻፈበት። እ.ኤ.አ. በ1960 ስትሞት መቃብሯ ላይ ድንጋይ እንኳ አልነበረም። ደራሲዋ አሊስ ዎከር ናት ፍሎሪዳ ሄዳ፣ ሣር ውስጥ ገብታ መቃብሩን ፈልጋ ድንጋይ ያቆመችላት። እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ በመጽሔት ጻፈች። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቷ ተመልሰው ታተሙ።

የእኛን አገርማ ታውቂዋለሽ። ጋዜጠኛውና ደራሲው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ በዓሉ ግርማም ብርሃኑ ዘሪሁንም አዲስ ዘመንን አዘጋጅተዋል። ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም ወጥቶ ከገበያ ሲሰበሰብ ዝናውን ያቆየው ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ የተቀባበለው አንባቢ ነው። የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስ በ1962 ዓ.ም ሲወጣ ይከብዳል ብለው የተዉት ብዙ ነበሩ። ዛሬ ከታላላቆቹ ይቆጠራል። አያትሽ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ግን ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤቷ ታውቀው ነበር። "ያ ሰውዬ ዛሬ ምን አለ?" ትለኛለች ማታ ከሥራ ስገባ። ማንም ሃያሲ አልነገራትም። እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ በቃ።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። እናትሽ እንኳ ግማሹን ነው የምታውቀው።

አራተኛ ክፍል ነበርሽ። አንድ አስተማሪ ከገጠር መጣ። ከደሞዙ ቆጥቦ ያሳተመውን መጽሐፍ በማዳበሪያ ተሸክሞ ነበር። 20 ቅጂ በአደራ ተወልኝ። ሲሸጥ ልንካፈል። ፊት ለፊት ደረደርኩለት፣ በሳምንቱ ሦስት ተሸጠ። ከዚያ አንድ ጋዜጣ ላይ ግማሽ ዓምድ የምታህል ጽሑፍ ወጣችበት። ትሳለቃለች። "የማመልከቻ ክምር" ትለዋለች።

መጽሐፉን አላነበብኩትም ነበር። ግን በዚያው ቀን ከፊት አንስቼ ታች አወረድኩት። ደንበኛ "ይሄስ እንዴት ነው?" ሲለኝ "ተወው፣ የማመልከቻ ክምር ነው" እለዋለሁ። ራሴ ያሰብኩት ይመስል። ስንት ሰው እንደመለስኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከሁለት ወር በኋላ መጣ። የሦስቱን ሂሳብ ሰጠሁት። ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። የቀረውን ወደ ማዳበሪያው እየመለሰ "ያነበበው ሰው ምን አለ?" አለኝ። "ጋዜጣው እንኳ..." ብዬ ጀመርኩ። "ጋዜጣውን አይቻለሁ። እርስዎስ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ሻይ ላስመጣ ብለውም አልጠጣም አለ። በፒያሳው መንገድ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲሄድ እስከ አደባባዩ ድረስ አየሁት።

በዚያው ክረምት ጣራው አፍስሶ መደርደሪያውን ስናነሳ አንድ ቅጂ ከኋላው ወድቆ አገኘሁ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ፍርድ ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ ማመልከቻ ስለሚጽፍ ሰው ነው። እውነት ነው፣ ግማሹ ድረስ ይከብዳል። ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ነው። ለአንዲት እናት ከልጇ የሚመጡ ደብዳቤዎች አሉ፤ ሰውየው ያነብላታል። ከመሃል ላይ ልጁ ከሞተ እንደቆየ፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው ራሱ ሰውየው እንደሆነ ይገባሻል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ እናትየው ከመጀመሪያው ታውቅ እንደነበር ይገለጣል። ትመጣ የነበረው እንዲያነብላት ብቻ ነበር። ያ ሁሉ አሰልቺ ደብዳቤ ያኔ ተመልሶ መጣብኝ። መብራቱን አጥፍቼ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ሃያሲው ይህን ገጽ ቢያየው ያቺን ቀልድ አይጽፋትም ነበር። እኔም ባየው አልደግማትም ነበር።

ሁሉንም አሞግሺ አልልሽም። እሱም ደንበኛ ያቃጥላል። ጓደኛ ለጓደኛ የጻፈውን ውዳሴ አምነው ገዝተው፣ ተናደው የመለሱልኝ አሉ። መጽሐፍ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በይ፣ ስምሽን ጻፊበት። ያንን ጀማሪ ልጅ ግን እባክሽ ጨርሺው። ጨርሰሽም ያው ከሆነብሽ ፍርድሽን አልነካም። ካልሆነ እዚያው ዓምድ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ጻፊ። አዘጋጁ ቅር ቢለውም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያቺን አንድ ቅጂ ልኬልሻለሁ። ዝናብ ስለነካት ጠርዟ አብጧል፣ ገጾቿ ግን ሙሉ ናቸው። ደራሲው ጀርባው ላይ ስልኩን ጽፏል። ደጋግሜ ደውያለሁ፣ አይሠራም። ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤትም ሄጄ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል አሉኝ። አንቺ እዚያ ነሽና ጠይቂልኝ፤ መምህራን የሚያውቁ ጓደኞች አሉሽ። ካገኘሽው የሐዋሳው መጽሐፍ ሻጭ አንብቦታል በይልኝ። የአንዱ ቅጂ ሂሳብም ያልተከፈለ አለበት።

እናትሽ ቆጮና ቅቤ ጠቅልላለች፣ ከመጽሐፉ ጋር ነው። ለሾፌሩ ስልክሽን ሰጥቼዋለሁ።

አባትሽ
ሐዋሳ