ኮምፓይለሩ አለፈ ማለት ዳታው ልክ ነው ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ረስት የፕሮግራሚንግ ቋንቋና የረስት ኮድን ከዳታቤዝ ጋር ስለሚያገናኘው ስለ ዲዝል (የማደያውን ማለቴ አይደለም) የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ማንበብ ደስ ይላል። ግን በዲዝል የተጻፈ ኮድ ኮምፓይል ካደረገ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ካሳለፈው፣ ከዳታቤዝ ስህተት ተገላገልን የምትለዋ ነገር ተጋናለች።

ግማሹ እውነት ነው። ዲዝልን የጀመሩት ሴጅ ግሪፊን ሬይልስ የተባለውን የዌብ መሥሪያ የዳታቤዝ ክፍል፣ አክቲቭ ሪከርድን፣ ሲንከባከቡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ የሚፈነዳ ስህተት ምን እንደሚመስል ያውቁታል። በዲዝል የሌለ ኮለም (የሠንጠረዥ ዓምድ) ብትጠሩ፣ ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር ብታወዳድሩ፣ ባዶ ሊሆን የሚችለውን ኮለም ኦፕሽን (በረስት «ባዶ ሊሆን ይችላል» ማለት ነው) ሳትሉ ብታልፉ ኮምፓይለሩ አላሳልፍም ብሎ ንቅንቅ አይልም። የሚያወጣው የስህተት መልእክት ርዝመት ግን፣ ኧረ ተዉኝ!

ችግሩ ወዲህ ነው። ኪዌረብል የሚባለው ዲራይቭ (ኮድ በራሱ የሚጽፍልን ምልክት) ከዳታቤዙ የመጣውን ረድፍ የሚቀበለውን ስትራክት (በኮዱ ውስጥ ያለውን የዳታ ቅርጽ) የሚሞላው በቅደም ተከተል እንጂ በኮለም ስም አይደለም። የተማሪዎች ቴብል (ሠንጠረዥ) አለን እንበል፤ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም። ስትራክቱ ላይ የአባት ስምን ከስም አስቀድማችሁ ብትጽፉ ሁለቱም ጽሑፍ ናቸውና ኮምፓይለሩ ጭጭ ይላል። አበበ ከበደ የነበረው ልጅ ከበደ አበበ ሆኖ ይወጣል፣ አባት ልጅ ሆነ ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ ሁለቱም ደህና የሰው ስም ናቸው፤ ስክሪኑን የሚያይ ሰው ምኑን ይጠረጥራል? ሰርተፊኬት ታትሞ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ማንም አያውቅም።

ማስተካከያው እዳው ገብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ዲዝል 2.0 ላይ ሴሌክተብል የሚባል ሌላ ዲራይቭ አለ፤ እሱን ጨምራችሁ አዝ ሴሌክት በሚባለው ትእዛዝ ስትጠሩ ኮለሞቹ በስማቸው ይመጣሉ። ጽሑፋችሁ ይህን አንድ መስመር እንኳ አላነሳም።

ሌላው፣ ዲዝል ኮምፓይል ሲያደርግ የሚያመሳክረው ከስኪማ ፋይሉ (የቴብሎቹ ቅርጽ ከተጻፈበት) ጋር ነው። አንድ ሰው ማታ ሰርቨሩ ላይ ገብቶ በእጁ ቴብሉን ቢቀይር ኮምፓይለሩ በምን ያውቃል? ኤስኪውኤልኤክስ የሚባለው ሌላው የረስት የዳታቤዝ መሣሪያ በዚህ ይለያል፣ ኩዌሪ የሚባለው ማክሮው (ኮድ የሚያመነጭ ትእዛዝ) ኮምፓይል ሲደረግ ዳታቤዙን ራሱን መጠየቅ ይችላል።

ቀጣዩ ጽሑፍ ስለ ማይግሬሽን (የቴብሎችን ቅርጽ በፋይል ስለ መቀየር) ከሆነ ለውጡን ወደ ኋላ የሚመልሰውን፣ ዳውን የሚባለውን ፋይል አትዝለሉት፤ ባዶውን የሚተወው ሰው ብዙ ነው።

ዳታቤዝ ላይ የሚውል አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ