ደብዳቤ ለልጄ፦ ደውሎ ለማይጠይቅሽ አንባቢ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ሲበረታ የእናትሽን ጉልበት ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ወንድምሽ እሑድ መጥቶ የሥራ ቦታሽን ነገር አጫወተን። ልትነግሪን እንዳልፈለግሽ ገብቶኛል፤ እሱን ግን እንዳትቆጪው፣ ጎትጉቼ ነው ያወጣሁት። የክሊኒኩ ፕሮግራም ላይ ያስገባችሁት ኤጀንት (በራሱ ሥራ የሚሠራው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ረዳት) ለአንዲት እናት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቀጠሮ ያዘላቸው አሉ። «3 ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ቢሉት 03:00 ብሎ መዘገበ። እናትሽ በሳቅ ስትንፈራፈር ቡናው ገነፈለባት። እኔን ያላሳቀኝ ወንድምሽ ቀጥሎ ያለው ነው፦ «እሷማ ኤጀንቱ ደደብ ነው ትላለች።»

ልጄ፣ ቱሉን፣ ማለትም ኤጀንቱ ሥራ ሊሠራ ሲል የሚጠራውን መሣሪያ፣ የገለጻችሁበትን ወንድምሽ ላፕቶፑ ላይ አሳየኝ። «ቀጠሮ ይይዛል» ይላል፣ በቃ። ከሥሩ «ቀን»፣ «ሰዓት»። በየትኛው አቆጣጠር? በማን ሰዓት? አንቺና የቢሮ ጓደኞችሽ ታውቁታላችሁ፤ ስለምታውቁት ማንም አልጻፈውም። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ቢሆን ግራ ሲገባው ይደውልልሽ ነበር። ይሄኛው ደውሎ አይጠይቅሽም።

ጡረታ ወጣሁ እንጂ ማንበብ አልተውኩም። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልን፣ ኤጀንትን ከቱሎች ጋር የሚያገናኘውን የጋራ አሠራር፣ ያወጣው በኅዳር 2017 ነው (በእኛ አቆጣጠር፤ በፈረንጅ 2024 መሆኑ ነው። እንዲህ ይጻፋል!)። በዚያ አሠራር አንድ ቱል ራሱን የሚያስተዋውቀው በስሙ፣ በመግለጫውና በሚቀበላቸው ግብዓቶች ዝርዝር ነው። ሞዴሉ፣ ማለትም የኤጀንቱ አንጎል፣ ከብዙ ቱሎች መካከል የትኛውን እንደሚጠራ የሚወስነው ያንን አንብቦ ነው። ከጀርባ ያለውን የተዋበ ኮድሽን አያየውም።

ቀኑን እንይ። «2017-05-03» ብሎ አንድ ሰው ቢሰጠው፣ በእኛ ጥር 3 ቀን 2017 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 11 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ቁጥሩን እንዳለ በፈረንጅ ካነበበው ግን ሜይ 3 ቀን 2017 ይሆንበታል፣ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ። የሚያስፈራው ሁለቱም ትክክለኛ ቀን መምሰላቸው ነው፤ ምንም የሚጮህ ነገር የለም። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ቀን፦ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን። ደንበኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረ መጀመሪያ የቀን መለወጫውን ቱል ተጠቀም፤ ራስህ አታስላ። የትኛው እንደሆነ ካልለየህ ደንበኛውን ጠይቅ።» ሰዓቱንም እንደዚሁ። ጳጉሜን አትርሺ። 13ኛ ወር ሲመጣለት ፕሮግራማችሁ «ትክክል ያልሆነ ግቤት» ብሎ ይመልሳል፤ ይህን ያነበበ ኤጀንት መገመት ይጀምራል። ምን እንደተጠበቀና ምን ማስተካከል እንዳለበት የስህተት መልእክቱ ራሱ ይንገረው። ደውሎ አይጠይቅሽም አልኩሽ።

እናትሽ ሽሮና ትንሽ በርበሬ ልካለች። ሐሙስ ከመናኸሪያ ተቀበዪ፣ ባዶውን ዕቃ መልሰሽ ላኪ።

ወንድምሽ የነገረን ያ ሌላው፣ ሁለቴ የተያዘው ቀጠሮስ? መልሱ ሲዘገይበት ኤጀንቱ ደግሞ ጠራው፤ ማንስ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር። ቱሉ ሁለት ጊዜ ሲጠራ ምን እንደሚሆን የት ጻፋችሁ? ፕሮቶኮሉ ለዚህ ምልክቶች አሉት፤ ማንበብ ብቻ የሚያደርግ፣ የሚያጠፋ፣ ቢደጋገም ለውጥ የማያመጣ እያለ ይለያል። ምልክት ግን ጥቆማ እንጂ ቁልፍ አይደለም። የታካሚ መዝገብ የሚሰርዘውን ቱል ኮዱ ውስጥ ቆልፊው፣ በመግለጫ ብቻ አትተማመኚ።

የዩኒክስ፣ የዚያ የድሮ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የመጀመሪያው መመሪያ በፈረንጅ 1971 ሲወጣ ለየትዕዛዙ ያለበትን ጉድለት የሚናገር ክፍል ነበረው። ደስ የሚለኝ ድፍረት ነው። አንቺም ቱልሽ የማይችለውን፣ መቼ መጠራት እንደሌለበት ጻፊ።

ይህን ሁሉ የምጨቀጭቅሽ ያለ ነገር አይደለም። ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ይሠራ የነበረውን ሽማግሌ ታስታውሺዋለሽ፣ ከረሜላ እያመጣ የሚሰጥሽን። የጡረታ ስሌቱን ፕሮግራም በፎክስፕሮ፣ በድሮው የመረጃ ቋት ቋንቋ፣ የጻፈው እሱ ነበር። አንዱን ዓምድ «ኮ3» ብሎታል፤ ምን እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሲታመም ሆስፒታል እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። ስለ ኳስ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ድሮ አለቆቻችን እናወራለን። አንድ ቀን ራሱ «ያ ፕሮግራም እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና ነው፣ አንተ ብቻ ተነሥ» አልኩት። የታመመ ሰው አልጋ ሥር ቆሞ ስለ ሥራ መጠየቅ ነውር መሰለኛ። ሲያርፍ ሰዎች የአገልግሎት ዘመናቸው ተዛብቶ ይመጡ ጀመር፣ ከሩቅ አገር በአውቶቡስ፣ ዶሴያቸውን አቅፈው። መጨረሻ ላይ «ኮ3» ጳጉሜን የሚቆጥር መሆኑን ደረስንበት። በጽሑፍ ቢኖር አንድ መስመር ነበር። እስከ ዛሬ ያን ቀን አስበዋለሁ፤ ልጠይቀው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም፣ አሁንም አልቆረጠልኝም።

አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ፣ ጊዜም አለሽ። ጻፊ። እንዳታንዛዢው ደግሞ፤ ሞዴሉ ሁሉንም መግለጫ ተሸክሞ ነው የሚሠራው፣ ሲበዛበት ይምታታበታል። ስማቸው የሚመሳሰለውን ሁለቱን የታካሚ ፍለጋ ቱሎች ወይ አዋህጂያቸው ወይ ልዩነታቸውን ተናገሪ።

ስትጨርሺ ለእኔ ላኪልኝ። ኮዱን ሳላይ መግለጫውን ብቻ አንብቤ እያንዳንዱ ቱል ምን እንደሚሠራ የገባኝን ጽፌ እመልስልሻለሁ፤ ስልክም አልደውልልሽም። ለእሳቸውም፣ ለዚያች እናት፣ አንቺው ራስሽ ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂ፤ ለኤጀንቱ አትተዪው። ሐሙስ ሽሮውን እንዳትረሺ፣ ሹፌሩ ከ11 ሰዓት በኋላ አይጠብቅም። ከምሽቱ በፊት ያለው ነው፣ በእኛ ሰዓት።

አባትሽ