የመደማመጥ ክበብ፦ ጆሮ ስንሰጥ የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮም «የወሬ ክበብ» ከመባል አልዳነም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲባል ሰምቻለሁ። «ቁጭ ብሎ መስማት ደግሞ ምን ክበብ ያስፈልገዋል?» ያሉኝ ወላጅም አሉ። የድራማ ክበብ መድረክ ላይ ይወጣል፤ የስፖርት ክበብ ዋንጫ ይዞ ይመጣል። የእኛ ሥራ ለዓይን አይሞላም። ስለዚህ ዘገባውን ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ስብሰባችን ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነበር። አባላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል። ሰሚው አያቋርጥም፤ አይመክርም፤ «እኔም አንድ ጊዜ» እያለ ወሬውን ወደ ራሱ አይጎትትም። ሲያበቃ የሰማውን መልሶ ይናገራል። ተናጋሪው «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ አይለቀቅም። ቀላል የሚመስለው ካለ ዛሬ ማታ ቤቱ ይሞክረው። ሌላው ሲያወራ ብዙዎቻችን የምንመልሰውን እያዘጋጀን እንጂ እየሰማን አይደለም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መጀመሪያ ሰሞን «ቲቸር፣ ዝም ማለት ራሴን አሳመመኝ» ብላኝ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ከእሷ ጋር መጣመር ይፈልግ ጀመር። የቀረው በቃለ ጉባኤ ስለተያዘ እዚህ አልደግመውም።

በሁለቱ ሰፈር ልጆች መካከል ያለውን ነገር ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በእረፍት ሰዓት ግቢው እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል ሁላችሁም ታያላችሁ። ካለፈው ዓመት ጠብ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። «አንድ ላይ አስቀምጧቸው፣ ይላመዳሉ» የሚል ምክር በየጊዜው እሰማለሁ። ማስቀመጡ ጥሩ ነው፤ ግን እንዴት እንደሚቀመጡም ወሳኝ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ይህንኑ ጽፏል። የተራራቁ ወገኖች ሲገናኙ ጥላቻ የሚበርደው በእኩልነት ከተገናኙ፣ የጋራ ግብ ካላቸው፣ ተባብረው ከሠሩ እና የበላይ ተቋም ከደገፋቸው ነው። ቶማስ ፔቲግሩ እና ሊንዳ ትሮፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ 515 ጥናቶችን አገላብጠው ነበር። መገናኘት በጥቅሉ ጥላቻን ይቀንሳል፤ እነዚያ ነገሮች ሲሟሉ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። አራተኛዋን፣ የተቋም ድጋፍ የምትለዋን፣ ልብ በሉልኝ። እመለስባታለሁ።

ለጋራ ግቡ ከሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከኤልየት አሮንሰን ዘዴ ተዋስን። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን፣ ነጭ፣ ጥቁርና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል መማር ሲጀምሩና ጠቡ ሲበረታ፣ ትምህርቱን ቆራርጦ አከፋፈላቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንዷን ቁራጭ ብቻ ይዞ ለሌሎቹ ያስረዳል። ያንን ልጅ ያልሰማ ፈተናውን አይሠራም። እኛም ለታሪክ ክለሳ ሁለቱን ሰፈር ቀላቅለን ሞከርነው። በአብዛኛው ሠርቷል። በአንዱ ቡድን ግን ጩኸት ተነስቶ ሁለት አባላት ለቀውናል። አልተመለሱም። በፈተና ሰሞንም ቁጥራችን ተመናምኖ ነበር።

አሁን ወደ አረጋውያን መኖሪያው ጉብኝት ልሂድ፤ ይህን ዘገባ ስጀምር ጀምሮ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ልጆቹን ስንመድብ ሆን ብለን ከአንዱ ሰፈር አንድ፣ ከሌላው አንድ እያደረግን፣ ሁለት ሁለቱን ከአንድ አረጋዊ ጋር አገናኘን። ከጥንዶቹ አንዱ ዓመት ሙሉ ሰላም ተባብለው የማያውቁ የአሥራ አንደኛ ክፍል ወንዶች ነበሩ። የደረሷቸው አባባ ዘመናቸውን በረጅም መንገድ ሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ግራ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። ቀኙም ቢሆን ቀርበው ካልተናገሩ አይይዝም። በስተግራ የተቀመጠው ልጅ የሚጠይቀው ሁሉ አልሰማ አላቸው። ወንበር እንዳይቀይር በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተጣቧል።

«ያኛው ልጅ ምን አለ?» አሉ አባባ በስተቀኝ ያለውን።

እሱም የባላጋራውን ጥያቄ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ ደገመላቸው። እንደዚያ እያሉ ቀጠሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያደርሳል። ለማድረስ ደግሞ መስማት ግድ ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሌሊት ጉዞ፣ ስለተሰበረ ፍሬን አወሩ። ከዚያ አባባ ወደ ግራ ዞረው «አንተስ፣ ልጄ? ወንድም አለህ?» አሉት።

«አለኝ። ከተጎዳ ወዲህ ግን ከቤት አይወጣም» አለ።

«ምን አለ?»

በስተቀኝ ያለው ልጅ ትንሽ ቆየ። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ልግባበት ወይስ ልተወው እያልኩ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቃል ሳይቀንስ ደገመው። «ወንድሜ ከተጎዳ ወዲህ ከቤት አይወጣም ይላል።»

«ማን ጎዳው?» አሉ አባባ።

ይህቺን ጥያቄ ወደ ግራ አላሻገራትም። ራሱ መለሳት። «የእኛ ሰፈር ልጆች።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳች ምክር አልሰጡም። የሁለቱንም እጅ ይዘው ትንሽ ቆዩና ስለ መኪናቸው ማውራታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ የልብ ጓደኛ ሆኑ ብል ውሸት ነው። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ለየብቻ ነው የተቀመጡት። ከሳምንታት በኋላ ግን በስተቀኝ የነበረው ልጅ ቢሮዬ መጥቶ «ቲቸር፣ ወንድሙን ብጠይቀው ደስ ይለው ይሆን?» አለኝ። እሱን ራሱን ጠይቀው አልኩት። ጠየቀው፤ ሄደም። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ እንዲነግሩኝም አልፈለግሁም። አሁን በኮሪደር ሲገናኙ በስም ይጠራራሉ። በዚህ ግቢ ለምታስተምሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

የመኖሪያው ሠራተኞችም አንድ ነገር ነግረውናል። እንግዳ ሲመጣ ከክፍላቸው የማይወጡት አባባ አሁን «ልጆቹ መቼ ነው የሚመጡት?» እያሉ ይጠይቃሉ። ብቸኝነት ሆድ ማስባስ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜም ይበላል። ተመራማሪዋ ጁሊያን ሆልት ሉንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 148 ጥናቶች ደምረው ሲያዩ፣ ከሰው ጋር የጠበቀ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

መስማት ያድናል ስል ታዲያ ዝም ብዬ አይደለም። ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ሕክምና ለሚሹ ብዙ ሰዎች በቂ ባለሙያ አጣ። የጤና ጣቢያው ክፍል እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ 14 አያቶችን አሠልጥኖ ግቢው ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ የሆዱን ያጫውታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ የድብርትና የጭንቀት ምልክታቸው የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል።

«እነሱ ያለ ክፍል ከሠሩ እናንተስ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እነዚያ አያቶች ሥልጠና ነበራቸው። የሚከታተላቸው ባለሙያ ነበራቸው። አግዳሚው የተቀመጠውም ሰው በማይረብሽበት ጥግ ነው። የእኛ ረቡዕ ግን የማካካሻ ትምህርት በመጣ ቁጥር ከክፍል ክፍል ስንባረር አልፏል። አንዴ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሠርተናል። የቤቱን ጉድ ሊያወራ የመጣ ልጅ ሰው እየረገጠው ሲያልፍ አፉን ይዘጋል፤ አይፈረድበትም። ኦልፖርት ያላት አራተኛዋ ነገር ይህች ናት።

ለጉብኝቱ አውቶቡስ የከፈሉልንን ወላጆች ከልብ አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ዓመት በየወሩ መሄድ እንፈልጋለን፤ ለዚህ የመጓጓዣ በጀት ያስፈልገናል። ለክበቡ ሰብሳቢዎች ሥልጠና የሚሰጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሆነ ወላጅ ካለ በሬ ክፍት ነው። ምዝገባ በክበባት ሳምንት ይጀመራል፤ ከሁለቱም ሰፈር እኩል ቁጥር እንቀበላለን። የሁለተኛ ፎቁ የዕቃ ክፍል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ነው የከረመው። ቁልፉ ይሰጠን። ጽዳቱንና ቀለሙን አባላቱ በክረምቱ ሊሠሩት ተስማምተዋል፤ ስም ዝርዝራቸውን ለርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስገብቻለሁ።